ጎንደርን ያለ እናንተ ማየት አንፈልግም

ውድ ወላጆቻችን፣ የተከበራችሁ ቄሶችና የአገር ሽማግሌዎች፤

ይህን ጽሑፍ በዕብራይስጥ ብንጽፈው ለእኛ ይቀለን ነበር። ይሁን እንጂ የምንነጋገረው ከእናንተ ጋር ስለሆነ፣ ቃል ሲጠፋን ከየቤታችን እየጠየቅን፣ በፊደሉ መምህራችንን እያስቸገርን በአማርኛ ጻፍነው። አነጋገራችን የልጅ ከመሰላችሁ ልጆች ነንና ታገሡን።

እንደሚታወቀው በቅርስ ትምህርት ክፍላችን በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወደ አገር ቤት የሚደረግ የተማሪዎች ጉዞ ይኑር ወይስ አይኑር፣ ከኖረስ የት እንሂድ የሚል ነው። “የት” ለሚለው መልሱ ከጥያቄው በፊት የተዘጋጀ ነው፤ ጎንደር ይባላል። ከእኛ በፊት የሄዱ ተማሪዎች ያነሡትን ፎቶግራፍ አይተናል። ቤተ መንግሥቱ አለ፣ የፋሲል መዋኛ አለ፣ በጎሃ ኮረብታ ላይ ካለው ሆቴል ሆነው ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሡት አለ፣ ወለቃ ላይ የሸክላ ምስል ይዘው የተነሡት አለ። ተራራው በጣም ያምራል። እኛም አይተን ቀናን። ደጋግመን ስናየው ግን አንድ ነገር አስተዋልን። በፎቶግራፎቹ ውስጥ በእናንተ ዕድሜ ያለ አንድም ሰው የለም። ተማሪ አለ፣ መምህር አለ፣ አስጎብኚ አለ። ከዚያ አገር የመጣው ሰው ግን እዚህ ናታንያ ቤቱ ተቀምጧል።

የእኛ አስተያየት ይህ መሆን የለበትም የሚል ነው። ምክንያታችንን ለማስረዳት ግን ስለ ከተማዋ የተማርነውን ጥቂት ማለት ይኖርብናል። ብዙውን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ልጆቻችሁ ምን እንደሚማሩ መስማት ደስ ይላችሁ ይሆናል።

የምንማርበት ሰፈር ራማት ፖሌግ ይባላል። ራማት ማለት ከፍታ ነው። በግዕዝም ራማ ሲባል ከፍ ያለ ማለት እንደሆነ መምህራችን ነግረውናል። የእኛ ራማት ግን በባሕሩ አጠገብ ያለች ትንሽ የአሸዋ ድንጋይ ጉብታ ናት፤ በብስክሌት ሳይደክመን እንወጣታለን። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ኮረብታ ጀርባ ላይ ተዘርግታለች። በሦስት ወገን ተራራ ከብቧታል፤ በደቡብ በኩል ምድሩ ወደ ደምቢያ ሜዳና ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ መቀመጫቸው ሲያደርጓት፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙውን ጊዜ ከሰፈር ወደ ሰፈር በድንኳን ይዘዋወሩ ነበር። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ማንም አስጎብኚ ይናገረዋል።

አስጎብኚው ቶሎ የሚያልፈው ግን ጎንደር የነጋዴ ከተማ መሆኗን ነው። ቤተ መንግሥት ያለ ገበያ አይበላም። ከጎንደር አንዱ መንገድ በወገራና በሰሜን ተራሮች በኩል አልፎ በትግራይ ወደ ምጽዋ ወደብ ይወጣ ነበር። ሌላው በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ይወርዳል። ሦስተኛው በይፋግ በኩል ወደ ጎጃም፣ ከዓባይ ማዶም እስከ እናርያ ድረስ ይሄዳል። በእነዚህ መንገዶች ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰም ይጓዝ ነበር። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ከታሪኩ ቆርጦ መጣል ተገቢ አይመስለንም። መገበያያው አሞሌ ጨው ነበረ፣ በኋላም የማርያ ቴሬዛ ብር። የረጅሙን መንገድ ንግድ በይበልጥ የያዙት እስላሞች ነበሩ፤ ሰፈራቸውም አዲስ ዓለም ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1770 እስከ 1771 በጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 ቤተሰብ ይኖርባት እንደነበር ጽፏል። በዚያ ዘመን ይህ በጣም ትልቅ ከተማ ነው።

በዚህች ከተማ ውስጥ የእኛ ወገኖችስ የት ነበሩ? በመጻሕፍት ስንፈልግ በሁለት ቦታ አገኘናቸው፤ በግንቡ ላይና በገበያው ውስጥ።

ስለ ግንቡ ብዙ ሰው “ፖርቱጋሎች ሠሩት” ይላል። የፋሲለደስ አባት አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው የነበረ መሆኑ እውነት ነው፤ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያባረሩት ግን ራሳቸው ፋሲለደስ ናቸው፤ ያባረሩትም ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። የውጭ አገር ሰው ጥበብ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩን የጠረበው፣ እንጨቱን ያቆመው፣ ብረቱን የቀጠቀጠው እጅ ግን የአገሬው እጅ ነው። ከዚያም ውስጥ የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎችም የእናንተም አፍ ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ከነገሥታቱ ማዕረግ ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 ባለው ጊዜ፣ እስላሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ በየሰፈሩ እንዲኖር ታዘዘ። የእኛ ሰፈር ካይላ ሜዳ ይባል ነበር። ማለትም ግንቡን ገንብቶ ሲጨርስ ወደዚያ ይመለስ ነበር።

ስለ ገበያው ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ከቤት የሰማነው ይበልጣል። ርስት ያልነበረው ሰው የሚሸጠው የእጁን ሥራ ነው። ወንዱ ወናፍ እየነፋ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይሠራል፤ ሸማም ይሸምናል። ሴቷ ጋን፣ እንስራ፣ ምጣድ፣ ድስትና ጀበና ትሠራለች። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ባለቤቱም ያለ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም፤ ስለዚህ ዕቃችንን ይፈልጉታል። ዕቃውን የሠራውን ሰው ግን “ቡዳ” ብለው ይፈሩታል። በቀን ማረሻውን ገዝቶ በማታ ልጁን ከዓይናችን የሚሸሽግ ደንበኛ! የእኛም ሰዎች በበኩላቸው ከገበያ ሲመለሱ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ወደ መንደር አይገቡም ነበር፤ “አትንኩኝ” የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ሁለቱም ወገኖች እየተፈራሩ በየሳምንቱ ይገናኛሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይገዛዛሉ። ለእኛ ከግንቡ ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ ነው። ግንቡ እንዴት እንደተሠራ ከሞላ ጎደል ይገባናል። እንዲህ ተፈራርቶ መገበያየት እንዴት እንደሚቻል ግን አይገባንም፤ ከእናንተ በቀር የሚያስረዳንም የለም።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። የጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ገበያ ይባላል። ስሙን ስናነብ ሁላችንም ቀና ብለን ተያየን። ቅዳሜ እኮ ሰንበት ነው! ሰንበትን እንደ ቤተ እስራኤል አጥብቆ የሚያከብር ሰው በሰንበት እሳት አያነድም፣ ሸክም አይሸከምም፣ ገንዘብ አይነካም። ታዲያ በከተማው ትልቁ የገበያ ቀን የእኛ ሰው ምን ያደርግ ነበር? ዓርብ ዕቃውን ለሌላ ሰው ይሰጥ ነበር? ወይስ በሌላ ቀን የሚቆም ትንሽ ገበያ ይፈልግ ነበር? ዋጋውስ በዚያ ይቀንስበት ነበር? በኢንተርኔት ፈለግን፤ የምንፈልገውን መልስ አላገኘንም። በሚቀጥለው ቀን ከመካከላችን አንዷ አያቷን ጠየቀቻቸው። አያትየው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩላት። በየትኛው ቀን የትኛው ገበያ እንደሚቆም፣ ከማን ጋር እንደሚሄዱ፣ ሸክላው እንዳይሰበር በምን ጭድ እንደሚጠቀለል፣ ዝናብ ሲይዛቸው የት እንደሚጠለሉ ነገሯት። ከዚያ ልጅቷ “ጎንደርንስ እንዴት አዩት?” ስትላቸው ሳቁ። “ጎንደርን? ጎንደርን እኮ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ግንቡንም በውጭ ነው ያየሁት” አሏት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እንፈልጋለን። በእስራኤል ውስጥ “ከየት ናችሁ?” ስንባል አብዛኞቻችን “ከጎንደር” እንላለን። ነገር ግን የአብዛኞቻችሁ አገር ከተማው አይደለም። አምቦበር ነው፣ ወገራ ነው፣ ሰቀልት ነው፣ አርማጭሆ ነው፣ ደምቢያ ነው፣ ሰሜን ነው። ከተማው ለእናንተ የምትሄዱበት ቦታ ነበረ፤ የገበያ፣ የፍርድ ቤት፣ የሐኪም ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም የእስር ቤት ቦታ። የጉዞ ፕሮግራሙ እኛን ከከተማው ሰገነት ላይ አቁሞ ተራራውን ያሳየናል። እናንተ ግን ተራራው ላይ ቆማችሁ ነው ከተማውን ያያችሁት። አያትየው እንስራ በጀርባቸው አዝለው፣ ከንጋት በፊት ተነሥተው፣ ዳገቱን ሲወጡ ግንቡ ከሩቅ ይታያቸው ነበር። ያንን መንገድ ሳናውቅ የሆቴሉን ሰገነት ማወቃችን ምን ይጠቅመናል?

ተራራውም ቢሆን ዝም ብሎ የሚያምር ነገር ብቻ አይደለም። ከጎንደር ወደ ሰሜን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ደባርቅ ይደረሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሰሜን ተራሮች ናቸው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ ዋልያና ጭላዳ ለማየት የሚሄድበት ቦታ፣ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ቤተ እስራኤሎች በራሳቸው መሪዎች፣ በረዳኢና በጌዴዎን፣ ከነገሥታቱ ጋር የተዋጉበት አምባ ነው። አፄ ሠርፀ ድንግል ዘመቱባቸው፤ በመጨረሻም በ1620ዎቹ አፄ ሱስንዮስ ኃይላቸውን ሰበሩ። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው የሱስንዮስ ልጅ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት። ስለዚህ በግንቡ ላይ ድንጋይ ያነባበሩት ሰዎች አባቶቻቸው በአምባው ላይ የተሸነፉ ነበሩ ማለት ይቻላል። ከሆቴሉ ሰገነት ወደ ሰሜን የሚመለከት ተማሪ ይህን ካላወቀ ያየው ድንጋይና ደመና ነው።

በምዕራብ በኩል ያለው መንገድም እንዲሁ ነው። ቡና ወደ መተማ ይጓዝበት የነበረው አቅጣጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች መጥተው ጎንደርን ያቃጠሉበት አቅጣጫ ነው። (አፄ ቴዎድሮስም ከዚያ በፊት በ1866 ዘርፈው አቃጥለዋታል፤ ይህች ከተማ ብዙ ነዳለች።) ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1980ዎቹ ከእናንተ ብዙዎቹ በሌሊት ወደ ሱዳን የወረዳችሁት በዚያው ወገን ነው። ነጋዴው በቅሎ ጭኖ በወረደበት ቁልቁለት እናንተ ልጅ አዝላችሁ ወረዳችሁ። በመንገድና በኡም ራኩባ በመሳሰሉት ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ መታሰቢያው ፊት እንቆማለን። የቆምንለት መንገድ ከየት እንደሚጀምር ግን ከመካከላችን በካርታ ላይ ማሳየት የሚችል ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ወለቃ እንምጣ፤ ይህ ነገር ብዙ አከራክሮናልና። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኝ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። ጸሎት ቤቱ አለ። በመንገዱ ዳር የዳዊት ኮከብ ያለባቸው የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ። የሚሸጡት ግን ቤተ እስራኤሎች ከሄዱ በኋላ ሥራውን የያዙት የአካባቢው ሴቶች ናቸው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ “ይህ ማታለል ነው፣ መሄድ የለብንም” አሉ። ሌሎቻችን ግን በዚህ አልተስማማንም። ሴቶቹ የሚኖሩበት ሥራ ነው፤ ጭቃውን የሚያቦኩት፣ እሳቱን የሚያነዱት እነርሱ ናቸው። ቅር የሚያሰኘን ሌላ ነገር ነው። ተማሪው እዚያ አንድ ሰዓት ቆሞ፣ ምስል ገዝቶ፣ “የአያቴን ሥራ አየሁ” ብሎ ይመለሳል። የአያቱ እጅ ግን እዚሁ ቂርያት ኖርዳው ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሸክላ ያልነካ እጅ። አያት አብረው ቢሄዱ ኖሮ ከሴቶቹ ጋር ስለ ጭቃው ይጨዋወቱ ነበር፤ የቱ አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ እንደማይሰነጠቅ ይከራከሩ ነበር። እኛም ዳር ቆመን እናዳምጥ ነበር። ያ ቢሆን ጉብኝት እንለዋለን።

በዚህ አሳብ ላይ የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን፤ ከየቤታችን ሰምተናል። አንዱ አባት “ከዚያ አገር ለመውጣት ስንት መከራ ያየን ሰዎች ነን። ብር ከፍሎ መመለስ ምን የሚሉት ነው?” አሉ። ይህን መናቅ አይቻልም። በመንገድ ላይ እናቱን የቀበረ ሰው ያንን መንገድ ደግሞ እንዲያይ ማስገደድ ማንም አይችልም። ሌላዋ እናት ደግሞ “አሁን እስራኤላዊ ናችሁ፤ ትምህርታችሁን ተማሩ፣ ሠራዊቱን ጨርሱ፣ ከዚያ እንደ ሌሎቹ ወደ ህንድም ወደ ደቡብ አሜሪካም ሂዱ” ይላሉ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን በእኛ አስተያየት በቂ አይደለም። ክፍል ውስጥ ስለ ሳሎኒኪ፣ ስለ ካዛብላንካ፣ ስለ ቪልና የሚማር ተማሪ ስለ ጎንደር ሲጠየቅ “ግንብ አለ” ከማለት ሌላ የሚለው ካጣ፣ ሌላው ተማሪ የአያቱን ከተማ ከእነ ገበያው ሲያወራ እርሱ ዝም ይላል። ዝም ማለቱን በየቀኑ እናየዋለን።

የፖላንድን ጉዞ ተመልከቱ። ብዙ የእስራኤል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ወደ ፖላንድ ሲልኩ ለብዙ ዓመታት ከሆሎኮስት የተረፈ አንድ ምስክር አብሮ ይሄድ ነበር። ተማሪዎቹ ከዚያ ጉዞ ሲመለሱ የሚያነሡት ካዩት ሕንፃ ይልቅ ምስክሩ የተናገሩትን ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ምስክሮች እጅግ ጥቂት ቀርተዋል፤ የቀሩትም መጓዝ አይችሉም። ሁለቱን ታሪኮች አናነጻጽርም፤ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የምንለው ስለ ጊዜው ነው። በዘመቻ ሰሎሞን፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዘመቻ ሙሴ የመጣውማ ከዚያም ይበልጣል። ጎንደር ገበያ ሸክላ የሸጠች ሴት፣ ማረሻ የቀጠቀጠ ወንድ ዛሬም በከተማችን አሉ። ናታንያ በእስራኤል ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት ይባላል፤ ስለዚህ ይህን ነገር ከማንም በፊት መጀመር ያለብን እኛ ነን ብለን እናምናለን።

እርግጥ ዛሬ ተነሥተን ወደ ጎንደር እንሂድ አንልም። በአማራ ክልል ውጊያ በተነሣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023፣ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ እስራኤላውያንና ወደ እስራኤል ሊመጡ የተዘጋጁ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ እንዲወጡ ተደርጓል። ልጁን ወደዚያ እንዲልክ ማንንም ወላጅ አንጠይቅም። ጉዞው ሰላም እስኪሆን መቆየት አለበት። ነገር ግን ጎንደር በውጊያ ጊዜ ከዜና ሲነሣ ለእኛ የታሪክ ከተማ ብቻ እንዳልሆነ እወቁልን። ወደ እስራኤል ለመምጣት ዓመታት የሚጠብቁ ዘመዶች ያሏቸው ልጆች ከእኛው ጋር ይማራሉ። ሌላው ስለ ግንቡ ሲጽፍ እነርሱ “ኔትወርኩ ዛሬ ሠርቷል?” ብለው ስልክ ይደውላሉ። ወደፊት የሚዘጋጅ ጉዞ በእነዚያ ሰዎች ደጅ አልፎ ወደ ግንቡ ብቻ የሚሄድ ከሆነ እኛ አፍረን ነው የምንሳተፈው። ቢያንስ አንድ ቀን ከእነርሱ ጋር መዋል፣ ቤታቸው መግባት፣ ቡናቸውን መጠጣት ይገባል።

እንግዲህ መንገዱ ሲከፈት እንዲህ ቢደረግ እንላለን። በየቡድኑ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት፣ ይሂዱ። ወጪያቸው ከተማሪዎቹ ሳይሆን ከጋራ ገንዘብ ይሸፈን፤ ለዚህ በሲግድ ሰሞን ዳቦና ሽሮ ሸጠንም ቢሆን ለመሰብሰብ ዝግጁ ነን። ፕሮግራሙ ከግንቡ አይጀምር። ከመንደር ይጀምር፤ በእግርም ባይሆን በመኪና፣ ገበያተኛው በሚመጣበት በኩል ወደ ከተማው ይግባ። መጀመሪያ ገበያውን፣ ቀጥሎ ካይላ ሜዳን፣ በመጨረሻ ግንቡን እንይ። በግንቡም ውስጥ አስጎብኚው የንጉሡን ስም ሲጨርስ ሽማግሌው ስለ ድንጋዩ ይናገሩ። ያን ጊዜ አያትየው ግንቡን ከውስጥ ያዩታል፤ ከሁሉም በላይ እኛ ይህን ማየት እንፈልጋለን።

እስከዚያው ግን የምንጠይቃችሁ ነገር ገንዘብም ሰላምም የሚጠብቅ አይደለም። ከሲግድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የቅርስ ትምህርት ሰዓታችንን የገበያ ሰዓት አድርገነዋል። መጥታችሁ ንገሩን። ንግግር አዘጋጁ አንልም፤ ብዙዎቻችሁ “እኔ አልተማርኩም፣ ትምህርት ቤት ገብቼ ምን እናገራለሁ?” እንደምትሉ እናውቃለን። የምንጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። በገበያ ቀን በስንት ሰዓት ትነሡ ነበር? ስንቅ ምን ትይዙ ነበር? አንድ ማረሻ በስንት ቁና እህል ይለወጥ ነበር? ደንበኛ ነበራችሁ? ከደንበኞቻችሁ ውስጥ የምትወዱት ክርስቲያን ወይም እስላም ነበር? ስትሄዱ ማን አለቀሰ? ዕቃ ሳይሸጥ ሲቀር ተሸክማችሁ ትመልሱት ነበር ወይስ የሚያኖርላችሁ ሰው ነበር? ከዳገቱ ላይ ሆናችሁ ከተማውን ስታዩ ምን ትሉ ነበር? በቴፕ እንቀዳዋለን ስንል አትፍሩ፤ የማትፈልጉትን እናጠፋለን፣ ያለ ፈቃዳችሁም ለማንም አናሰማም።

ሸክላ መሥራት የምታስታውሱ እናቶች ካላችሁ ደግሞ ለይታችሁ ንገሩን። ጭቃ እናመጣለን። የሥነ ጥበብ መምህራችን የትምህርት ቤቱን የሸክላ ምድጃ ለመጠቀም ፈቅደዋል። ከዚህ የባሕር ዳር አሸዋማ አፈር ደህና ጀበና ይወጣል ወይ ብለን በመካከላችን ተወራርደናል፤ ግማሻችን ይሰነጠቃል እንላለን።

ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ ለሚከብዳችሁ ምድር ቤት ያለውን ቤተ መጻሕፍት አስፈቅደናል። የአምስት ቁጥር አውቶቡስ ደጃፉ ላይ ይቆማል ብለን ልንጽፍ ነበር፤ ግን መስመሩ በየጊዜው ስለሚለወጥ ከየሰፈራችሁ መጥተን እንወስዳችኋለን። ቡናውን እኛ እናፈላለን። ካልጣማችሁ ረከቦቱን ተቀበሉን።